ሁለተኛውን ቴፕ አትጣሉ

«ጋሼ፣ የዱክ ኤሊንግተንን የኒውፖርት ኮንሰርት ከአሮጌ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ሳክስፎኑ ከጎረቤት ቤት የሚሰማ ይመስላል። የተበላሸው መርፌዬ ይሆን?» ሲል አንድ ወጣት ጠየቀኝ።

መርፌህ ደህና ነው፤ ሸክላውም እንደዚያው። መልሱ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር። ግን ጥያቄው በድምፅ ሥራ ያረጀን ሰዎች ስናነሣው የሚቆጨንን ጉዳይ ስለነካ ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጁላይ 7 ቀን 1956 ምሽት ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ፣ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል። በዚያን ጊዜ የትልልቅ ባንዶች ዘመን አብቅቷል ይባል ነበር። አሥራ አምስት ሙዚቀኛ ይዞ ከከተማ ከተማ መዞር ኪስ ያራቁታል፤ አድማጩም ወደ አራትና አምስት ሰው ቡድኖች ዞሯል። ፒያኖ ተጫዋቹና ባንድ መሪው ኤሊንግተን ለፌስቲቫሉ ባለ ሦስት ክፍል አዲስ ሥራ አዘጋጅቶ መጣ። ሕዝቡን ከመቀመጫው ያስነሣው ግን አዲሱ ሥራ አይደለም፤ በ1937 የተጻፈ፣ ለሁለት የተከፈለ ብሉዝ ነው። ሁለቱን ክፍሎች በሶሎ፣ ማለትም ብቻውን ጎልቶ በመጫወት፣ እንዲያገናኝ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንሳልቭስ ታዘዘ። ባለ 12 ባሩን (ባር የምት መለኪያ ክፍል ነው) ብሉዝ 27 ጊዜ ዞረው። አባዙት፤ 324 ባር ነው። ሌሎቹ ነፋሾች ሁሉ ዝም ብለዋል፤ ከኋላው ያሉት የኤሊንግተን ፒያኖ፣ የጂሚ ዉድ ባስና የሳም ዉድያርድ ድራም ብቻ ናቸው። የሌላው ባንድ መሪ የካውንት ቤዚ ድራመር የነበረው ጆ ጆንስ ደግሞ ከመድረኩ ጠርዝ ሆኖ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን ይመታላቸው ነበር። ሕዝቡ እየተነሣ መጨፈር ጀመረ።

መድረኩ ላይ የሁለት ድርጅቶች ማይክ ተተክሏል። ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ ኩባንያ ለሸክላ ይቀዳል፤ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ለስርጭቱ። ጎንሳልቭስ ሄዶ የቆመው ከራዲዮው ማይክ ፊት ነው። የኮሎምቢያው ማይክ ሶሎውን ያገኘው ከጎን፣ ከርቀት፣ ከሕዝቡ ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሳክስፎኑ ከጎረቤት የመጣብህ ለዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዲሱ ባለ ሦስት ክፍል ሥራ በመድረክ ላይ እንደታሰበው አልሄደምና የኮሎምቢያው አዘጋጅ ጆርጅ አቫኪያን ባንዱን ከሁለት ቀን በኋላ ስቱዲዮ አስገብቶ እንደገና አስጫወተው፤ የሕዝብ ጭብጨባ ተጨመረበትና «የኒውፖርት ኮንሰርት» ተብሎ ወጣ። ይህን ማታለል ነው እላለሁ፤ ዛሬም አልለውጥም። ግን ያው ሸክላ ከኤሊንግተን ሸክላዎች ሁሉ ይበልጥ ተሸጠ፣ ባንዱም ሳይበተን ቀጠለ፤ በዚያው ኦገስት የኤሊንግተን ሥዕል ታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። ስለዚህ አቫኪያንን አልራገምም። እኔም በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቴፕ ብቻ፣ ሌላ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ።

የሚቆጨው የራዲዮው ቴፕ ነው። ሳክስፎኑ ጥርት ብሎ የተቀዳበት ቴፕ ለአርባ ዓመት ያህል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። በ1990ዎቹ ተገኘ፤ በ1999 የኮሎምቢያው ቅጂ በአንድ ጆሮ፣ የራዲዮው በሌላው ሆኖ በስቴሪዮ ታተመ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት የቴፕ ማሽኖች መቼም እኩል አይሮጡም። ልዩነቱ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ14 ደቂቃ ቅጂ መጨረሻ ላይ አንዱ ከሌላው 0.84 ሰከንድ ይቀድማል። ጆሮ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰውን ልዩነት ጭምር እንደ ማሚቶ ይሰማዋል። መነሻውን ብቻ ማገጣጠም አይበቃም፤ ከዳር እስከ ዳር ፍጥነቱን እየተከታተሉ ማስተካከል ግድ ነው። ጎንሳልቭስ ግን በሜይ 1974 አርፏል፤ ኤሊንግተንም በዚያው ወር ከእሱ ጥቂት ቀናት በኋላ። ያ ሶሎ ከቅርብ ማይክ እንደተቀዳ በሸክላም በሲዲም ሲወጣ ሁለቱም አልደረሱበትም።

(ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ እንደነበር፣ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋርም እንደሠራ የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ስለ ኢትዮ ጃዝ ሌት ተቀን የምታወሩ ልጆች ይህን ሳታውቁ ስትቀሩ ይገርመኛል።)

ተደብቆ ከቆየው ቴፕ የባሰም አለ፤ ጨርሶ ያልተቀዳ። ከኦገስት 1942 ጀምሮ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች የመጨረሻዎቹ የተስማሙት በኖቬምበር 1944 ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከርና ትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊለስፒ በ1943 በኧርል ሃይንስ ባንድ አብረው ሲጫወቱ እገዳው አልተነሣም ነበርና ከዚያ ባንድ አንድም የስቱዲዮ ሸክላ የለም። ለዚህ መርፌም ሶፍትዌርም አያድንም።

በተቃራኒው ሁለተኛ ማሽን ያዳነውን እዩ። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለውን አልበሙን በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ሲቀዳ፣ በማርች 2 ቀን ዋናው ቴፕ ማሽን ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ቀስ ብሎ የተቀዳ ቴፕ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ገጽ ያሉት ሦስቱ ዜማዎች ለሠላሳ ዓመት እንዲያ ተሸጡ። እርማቱ የመጣው በ1992 ነው፤ የተቻለውም ጎን ለጎን ሌላ ማሽን በትክክለኛው ፍጥነት ስለቀዳ ነው። በእጃችሁ ያለውን ለመፈተን የመጀመሪያውን ዜማ «ሶ ዋት»ን ከፍታችሁ ኪቦርድ ላይ «ዲ» የተባለውን ኖታ ምቱ። ባሱ በዲ እና በኢ ፍላት መካከል ከወደቀ የያዛችሁት የቀድሞው ቅጂ ነው። ከዚህ ሸክላ ጋር ሳክስፎን ሲለማመድ «ቅኝቴ ወረደ» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ልጅ ካለ፣ በመጀመሪያ ይህን ይፈትሽ።

አሁን ወደ ግልበጣው። ማጫወቻውን ስለማስተካከል አልጽፍም፤ መመሪያው ላይ አለ፣ አንብቡት። መርፌው ላይ ግን ቸል አትበሉ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ባለ 78 ዙር ሸክላ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ 75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ጫፍ ይፈልጋል፤ ለስቴሪዮ የተሠራው 18 ማይክሮን መርፌ የመስመሩን ወለል እየፋቀ ጫጫታ ብቻ ያመጣል። ለ1950ዎቹ የሞኖ ሸክላ 25 ማይክሮን ጥሩ ነው። በአሜሪካ የተቀዳው «78» በትክክል 78.26 ዙር ነው። በ1940ዎቹ የወጣ ሸክላ ደፍኖ ከተሰማችሁ ጥፋቱ የማጉያው ሊሆን ይችላል። ከ1954 ወዲህ የተለመደው የአር አይ ኤ ኤ ማስተካከያ (ሸክላው ሲቀረጽ የተጨመረውን ቀጭን ድምፅ ሲጫወት መልሶ የሚቀንሰው ደንብ) በ10,000 ኸርዝ ላይ 13.7 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ ነበር የሚቀርጸው። ያልተጨመረን ነገር ከቀነሳችሁበት ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል።

ከስቴሪዮ በፊት በወጡት አብዛኞቹ ሸክላዎች ላይ ሙዚቃው ያለው መርፌው ወደ ጎን ሲወዛወዝ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንጠው ቆሻሻና ጭረት ነው። ሁለቱን ቻናሎች ስትደምሩ ይህኛው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ከጫጫታው ብዙው በነፃ ሄደላችሁ ማለት ነው። በሁለት ቻናል የተገለበጠውን ዋናውን ፋይል ግን አስቀምጡ፤ ድምሩን በቅጂው ላይ ሥሩ።

እናንተ ደግሞ ጫጫታ ትጠላላችሁ። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ሸክላውን እንደ ትናንት ቅጂ ልታስመስሉት ትፈልጋላችሁ። የሲምባሉ ድምፅ የሚኖረው ሹሹታው ባለበት ከፍታ ላይ ነው፤ ሹሹታውን ጠርጋችሁ ስትጨርሱ ዉድያርድ ያለ ሲምባል ይቀራል። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ ገልብጡ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፣ ፋይሉንም ሳትነኩ በሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ከስሙ ጎን መርፌውን፣ ዙሩን፣ ማስተካከያውንና የሸክላውን ቁጥር ጻፉ።

ባንድ በቀጥታ ስትቀዱም እንዲሁ ነው። ከሚክሰሩ የሚወጣው መስመር ቢኖራችሁም ሌላ መቅጃ፣ በሌላ ባትሪ፣ ከአዳራሹ መካከል ይኑር። ሁለቱም ሲነሡ ጮክ ብላችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፣ ሲያልቅም ድገሙት፤ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለው ርዝመት በሁለቱ ፋይሎች ላይ ከተለያየ የፍጥነቱን ልዩነት ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ባለ 78ቱን የምታጥቡት ልጆች ደግሞ አልኮል እንዳታስነኩት። ቪኒል ይችለዋል፤ ባለ 78ቱ የተሠራበት ሼላክ ግን ይሟሟል። ለብ ያለ የተጣራ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ለስላሳ ብሩሽ፤ ወረቀቱ እንዳይረጥብ፣ ማድረቂያውም በጥላ ይሁን።