ታንከሩ ባዶ ነው፤ መስመሩስ?

ጥያቄ፦ ካምፕ የምንወጣበትን ትሬለር አምና ኦክቶበር ላይ የንጹሕ ውሃ ታንከሩን አራግፌ እዚሁ ሚኒሶታ ግቢያችን አቆምኩት። ኤፕሪል ላይ ፓምፑን ሳስነሳው ከመጸዳጃው ኋላ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ታንከሩ ባዶ ከነበረ ምኑ ፈነዳ? ለዘንድሮስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ታንከር ማራገፍ መስመሩን አያደርቅም። ፓምፑ ውስጥ፣ የቧንቧው መታጠፊያዎች ላይና ከመጸዳጃው ኋላ ባለችው የፕላስቲክ ቫልቭ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቱቦው ትንሽ ይለጠጣል፣ ቫልቯ ግን ትሰነጠቃለች። ፓምፑን አስነሥተው በባትሪ መብራት ጠጋ ብለው ይዩ። ውሃው ከማያያዣው ዳዶ ሥር ከመጣ ላስቲኩ ነው፤ በእጅ ጠበቅ ያድርጉት። ከቫልቯ ጎን ከሆነ ግን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያገኛሉ። መቀየር ነው እንጂ ማስቲሽ ግፊቱን አይችለውም።

ዘንድሮ በቦይለሩ ይጀምሩ። ጋዙንም ኤሌክትሪኩንም አጥፍተው ያሳድሩት፤ ጠዋት የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስወጡ፣ ከዚያ በውጭ በኩል ያለውን ታፖ ይፍቱ። ትኩስ ሳለ የፈታው ሰው በፈላ ውሃ ይቃጠላል። አንዳንዱ ታፖ ላይ ረጅም ዘንግ አለ፤ ጋኑ እንዳይዝግ እሱ ቀድሞ የሚበላ ነው። ሦስት አራተኛው ካለቀ ይቀይሩት። ወለሉ ሥር ያሉትን የሙቅና የቀዝቃዛ ማራገፊያዎችም ከፍተው ያድርቁ።

ሁሉንም መልሰው ከዘጉ በኋላ ውሃው ቦይለሩን አልፎ እንዲሄድ የሚያደርጉትን ቫልቮች ያዙሩ። ይህን የረሳ 6 ጋሎን አንቲፍሪዝ (መስመሩ በብርድ እንዳይፈነዳ የሚሞላ ፈሳሽ) ለባዶ ጋን ያጠጣል። የፓምፑን መሳቢያ ቱቦ ለትሬለር የሚሸጠው ሮዝ አንቲፍሪዝ ውስጥ ይክተቱ፤ የመኪና አንቲፍሪዝ ግን መርዝ ስለሆነ የመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ አይገባም። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም፣ ሮዝ እስኪወርድ ይክፈቱ፤ የመጸዳጃውንም ፔዳል ይርገጡ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የውጭው ሻወር ነው። በየሲፎኑ፣ ማለትም ከመታጠቢያው ሥር ባለው የታጠፈ ቧንቧ፣ አንድ ኩባያ ይጨምሩ። በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ጋሎን ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ ያለው 50 ከዜሮ በታች ፋራናይት ነው፤ ቧንቧው አይፈነዳም ማለት እንጂ ፈሳሹ አይወፍርም ማለት አይደለም። ከዚያ በፊት እንደ ገንፎ ቢሆን አይደንግጡ።

ተራው የአሲድ ባትሪ ከሆነ 12.6 ቮልት ድረስ ሞልተው ነቅለው ያስቀምጡ፤ የሞላ ባትሪ ብርዱን ይችላል፣ የደከመው ግን ቶሎ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል። በጸደይ ደግሞ ቦይለሩ በውሃ ሳይሞላ ኤሌክትሪኩን አያብሩ፤ ማሞቂያው ወዲያው ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የትሬለሬ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ 7 ዓመቱ ግን ነው። ይቀየር? (ከዴንቨር)

መልስ፦ ይቀየር። የትሬለር ጎማ ከመንገዱ ይልቅ ቆሞ መዋሉና ፀሐዩ ይጨርሰዋል። ዕድሜው ጎኑ ላይ ባሉት 4 አሃዞች ይታወቃል፤ 3519 ማለት የ2019 35ኛ ሳምንት ነው። ጎማው ከወለቀ አይቀር ኩሽኔታውን አጥበው አዲስ ግራሶ ይሙሉ፤ በየዓመቱ የሚሠራ ነው። ዳዶዎቹንም 50 ማይል ከሄዱ በኋላ ቆመው እንደገና ያጥብቁ።