የሰፈር ጥርስ ሐኪም ስለ ተበተነ ሰፈርና ስለ ጥቅምት ሽርሽር፦ ጥያቄና መልስ

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከሚገኝ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ስሠራ ኖሬአለሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢው ለልማት ሲነሣ ክሊኒኬ ወደ መገናኛ ተዛወረ፤ ደንበኞቼም ከፊሎቹ ወደ ገላን ጉራ፣ ከፊሎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ስለ ጥርስ፣ ስለ ከተማው ኑሮ መለወጥና በዚህ ወቅት ስለምናደርጋቸው ሽርሽሮች ጠይቁኝ ብዬ ነበርና የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የከተማ መለወጥ በሰው አፍ ውስጥ ይታያል ሲሉ ሰምቼዎታለሁ። እኔም ከካዛንቺስ ገላን ጉራ ከገቡት አንዷ ነኝና ምን ማለትዎ እንደሆነ ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ የሚታየኝ የሰዓት ለውጥ ነው። ሰው ከሥራ ቦታው ርቆ መኖር ሲጀምር ከቤቱ የሚወጣው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይሆናል። ቁርሱን ቤቱ አይበላም፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል፣ ረፋድ ላይ ብስኩት ይቀምሳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድካሙን ለማስታገስ ለስላሳ ይከፍታል። ብዙ ሰው ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ መጠን ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል፤ ምክንያቱም ጣፋጭ በቀመስን ቁጥር በጥርሳችን ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሲድ ያመነጫሉ፣ ምራቃችንም ያንን አሲድ አጥቦ ጥርሱን ወደ ነበረበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚጣፍጥ ነገር የሚቀምስ ሰው ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም። ማታ ሦስት ሰዓት ደክሞት ገብቶ ሳይቦርሽ ሲተኛ ደግሞ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ጥፋቱ ሌሊቱን ሁሉ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጥርስ ማፋጨት ነው። ሰው በሐሳብ ሲወጠር ሌሊት መንጋጋውን ይነክሳል፤ ጠዋት ጆሮ ግንዱን እያመመው ይነሣል፣ እኔም አፉን ከፍቼ ሳይ የመንጋጋ ጥርሶቹ ጫፍ እንደ ተሞረደ ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሰፈሩ ሊነሣ ነው በተባለባቸው ወራት እንዲህ ያለ ጥርስ ይዘው የመጡልኝን ጎረቤቶቼን አልረሳቸውም።

ሦስተኛው፣ ለእኔም እጅግ የሚከብደኝ፣ የተቋረጠ ቀጠሮ ነው። አንዲት እናት የመንጋጋ ጥርሳቸውን የነርቭ ሕክምና የጀመርኩላቸው ሰፈሩ ከመነሣቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። የታመመውን ነርቭ አወጣሁ፣ ጥርሱን በጊዜያዊ መሙያ ዘጋሁና ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ጊዜያዊ መሙያ ለሳምንታት እንጂ ለወራት የሚሆን አይደለም። እርሳቸው ግን ዕቃ ማጓጓዝና አዲስ ቤት ማደራጀት ስለያዛቸው የመጡት ከአምስት ወር በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ መሙያው ረግፎ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ ስላገኘሁት ከመንቀል በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ጥጡን ነክሰው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ፣ «ድሮ እኮ ጋቢዬን ደርቤ በእግሬ ነበር የምመጣልህ» አሉኝ። ያን ዕለት ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ቀይረው ነበር የመጡት።

ለውጡ ሁሉ ጉዳት ነው ማለቴ ግን አይደለም። በቀድሞው ግቢያችን አንድ ቧንቧ ብዙ ቤተሰብ ይጋራው ነበር፤ ልጆች ጥርሳቸውን የሚቦርሹት ባልዲ ከሚያስሞላው ሰው ጋር እየተጋፉ ነበር። ዛሬ በየቤታቸው መታጠቢያ ያላቸው ልጆች አሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ፣ ሐኪሙን፣ ባለሱቁንና ዕድሩን በእግር ርቀት ያገኝ የነበረ ሰው ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ያለንበት ወቅት ፀደይ ነው ወይስ መጸው? ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አከራከረችኝ።

መልስ፦ ልጅዎ መጸው ካለች ልክ ናት። በአገራችን የዘመን አከፋፈል መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ሲሆን፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አበባ ስለሚበዛ ብዙ ሰው መስከረምን ፀደይ ይለዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራቸዋለች። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ደርቆ፣ ብርዱ ገና ሳይጠና፣ አደይ አበባውም ሳይረግፍ ከከተማ ወጣ ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ስወጣ ነፋሱ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። ብርድ መትቶኝ ነው?

መልስ፦ ብርዱ በሽታውን አልፈጠረውም፤ የነበረውን ገለጠው እንጂ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ጠዋት ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ዳገቱን ሲወጡም በአፍዎ ይተነፍሳሉ። ድድ ሸሽቶ የጥርሱ አንገት ተገልጦ ከሆነ፣ ወይም ላዩ በኃይል በመቦረሽ ተፍቆ ከሆነ፣ ቅዝቃዜው በውስጠኛው የጥርስ ክፍል ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ነርቩ ይደርሳል። ሕመሙ ነፋሱ እንዳለፈ ወዲያው የሚተው ከሆነ ለስላሳ ብሩሽና ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና ለጥቂት ሳምንታት ይሞክሩ። ከነፋሱ በኋላም ደቂቃዎች የሚቆይ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነውና ሽርሽሩን አዘግይተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በዓመቱ ውስጥ ሥራ የሚበዛብዎት መቼ ነው?

መልስ፦ ለመስቀል ዋዜማ። ካዛንቺስ ሳለሁ ከመስከረም 10 ጀምሮ ወረፋው እስከ ደጅ ይወጣ ነበር። የጉራጌ ተወላጅ የሆኑ ነጋዴ ደንበኞቼ ለመስቀል አገር ቤት ከመግባታቸው በፊት ጥርሳቸውን ጨርሰው መሄድ ይፈልጋሉ፤ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ፊት ቀርቦ በአንድ ጎን ማኘክ ማን ይወዳል? ከዚያ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ሰፈሩም ጸጥ ይላል። ሁለተኛው ወረፋ በጥቅምት ይመጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም፤ እኔም በየዓመቱ አጥንት ሲግጥ ጥርሱ የተሰበረ ሰው አክማለሁ። የሚሰበረው በአብዛኛው ከዚህ ቀደም በሰፊው የተሞላ ጥርስ ነው፤ ግድግዳው ስለሳሳ አጥንቱም ሆነ አንዲት ያልበሰለች የሽምብራ ቆሎ ትበቃዋለች። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለዎት ከሆነ ሽፋን ያሠሩለት፤ ቆሎውንም በሌላው ጎን ያኝኩ።

ጥያቄ፦ ልጆቻችንን ይዘን ወንጪ ልንሄድ ነው። ልጅ ወድቆ ጥርሱ ቢወልቅ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ይህን ሁሉም ወላጅ ቢያውቀው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ጥርሱ የሚተርፈው በሐኪሙ ሳይሆን በወደቀበት ቦታ በቆመው ሰው እጅ ነው። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ መልሰው አይክተቱት፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። ቋሚ ጥርስ ከሆነ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ በሆነ ልጅ የፊት ጥርስ፣ ፈልገው ያንሡትና ነጩን፣ ከድድ ውጭ የሚታየውን ክፍል ብቻ ይያዙ። ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉት፣ በመሐረብም አይጠቅልሉት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለአጭር ጊዜ ያለቅልቁትና ወደ ቦታው መልሰው ይክተቱት፤ ልጁም ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። መክተቱ ካስፈራዎ ወተት ውስጥ ያስቀምጡት። ሽርሽር በሚኬድባቸው አካባቢዎች ወተት አይጠፋም፤ የመጀመሪያውን ቤት አንኳኩተው ቢጠይቁ የሚከለክልዎ ገበሬ አይኖርም። ውኃ ውስጥ ማቆየት ግን ሥሩ ላይ ያሉትን ሕዋሳት ይገድላል። ጥርሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ከተመለሰ ተስፋው ትልቅ ነው፤ በደረቁ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ይቀንሳል። ተመልሶ ከተተከለም በኋላ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየውና ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ሊያስረው ይገባል።

ጥያቄ፦ እኛ ደግሞ ላንጋኖ ልንሄድ አስበን ነበር፤ የዚያ አካባቢ ውኃ ጥርስ ያበልዛል ሲሉ ፈራሁ።

መልስ፦ ለሁለት ቀን ሽርሽር አይስጉ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከመጠን በላይ መኖሩ እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ውኃ አለ። ነገር ግን ጥርስ የሚበልዘው ገና መንጋጋ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ፣ ያንን ውኃ ለረጅም ጊዜ ለጠጣ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ወጥቶ ያለቀ ጥርስ በውኃው አይበልዝም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከዝዋይ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የመጡ ወጣቶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ የሚያያቸው ሰው ጥርሳቸውን የማይቦርሹ ይመስለዋል። አንዲት ወጣት ቡኒውን ለማስለቀቅ በአመድና በአሸዋ ስትፈትገው ኖራ ድዷ ቆስሎ መጣችልኝ። ቀለሙ በጥርሱ ውስጥ ነው፤ በመፈተግ አይለቅም። በሐኪም እጅ ግን በብዙ ሰው ላይ ሊሻሻል ይችላል። እባካችሁ ማንንም በጥርሱ ቀለም አትመዝኑት።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ብሩሽ ከሌለኝ መፋቂያ ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ጫፉን አኝከው ለስላሳ ብሩሽ እስኪመስል ያፍታቱት፣ ከድድ ወደ ጥርስ እንጂ ወደ ጎን አይሞርዱ፣ የውስጠኛውንም ጎን አይርሱ። ብዙ ሰው የሚፍቀው የፊት ጥርሱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከቀድሞ ጎረቤቶቻችሁ ጋር አሁንም ትገናኛላችሁ? እኛ ሰፈራችን ከተበተነ ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ አንተያይም።

መልስ፦ እኛም ከለቅሶ በቀር መገናኛ አጥተን ነበር። ዕድሩ ስላልፈረሰ በዚያው አማካይነት ዘንድሮ አንድ አውቶቡስ ተከራየንና በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ እንጦጦ ወጣን። እንጦጦን የመረጥነው ለአረጋውያኑ እንዲመች፣ መንገዱም እስከ ላይ ስለሚያደርስ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ መሆኑን አንድ ሽማግሌ ለልጆቹ ሲነግሯቸው ሰማሁ፤ ልጆቹም ስሙ ቤቶቹን ተሻግሮ መኖሩ ገረማቸው። ሴቶቹ ድፎ ዳቦና ፔርሙዝ ሙሉ ቡና ይዘው ነበር። ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ከተማውን ቁልቁል ስናይ ሁሉም በጣቱ የሚፈልገው የድሮ ቤቱን ቦታ ነበር።

ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ዕድራችሁን አታፍርሱ፣ ለሽርሽሩም ቀን ቁረጡ። እኔ በዚያ ዕለት ስድስት የተቋረጡ ቀጠሮዎችን መልሼ ያዝኩ፤ ከገላን ጉራ ለሚመጡ ሰዎችም ቅዳሜን ለይቼ፣ በአንድ ቀን ሊጠናቀቅ የሚችለውን ሥራ በአንድ ቀን መጨረስ ጀምሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። የስድስት ዓመት ልጄ የመጀመሪያ ጥርሷ ወለቀና «የት ጣሪያ ላይ ልወርውረው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ይህንኑ ጥያቄ እኔም ከአንዲት ሕፃን ሰምቼዋለሁ። አያቷ ጥርሷን በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውላት ነበር፤ እንጦጦ በወጣን ዕለትም ከቦርሳቸው አወጡት። ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ደጅ ቆመን ባለቤቷን አስፈቀድን። ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷቸው፣ «በዚህ በኩል ወርውሪ፣ በዚያ በኩል ያንሸራትታል» ብለው ቦታ አሳዩዋት። ሕፃኗ ሁለት ጊዜ ወርውራ ሳታደርስ ቀረች፤ በሦስተኛው ጥርሱ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ሁላችንም ሰማነው። የእርስዎም ልጅ ጥርሷን በወረቀት ጠቅልላ ታቆየው።