ዓመት ሙሉ እዚያው ለቆመ የቼዝ ተጫዋች

ጥያቄ፦ ቼዝ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ካፌ ውስጥ አብረውኝ ከሚጫወቱት የሚያሸንፈኝ የለም ማለት ይቻላል፤ ስልኬ ላይ ግን ነጥቤ 1400 ከደረሰ ወዲህ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ማታ ማታ የአምስት ደቂቃ ጨዋታ አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ እጫወታለሁ፤ የመክፈቻ ቪዲዮም አያለሁ። ውድድር ላይ እስከ መሃሉ በልጬ ቆይቼ መጨረሻው ላይ እረታለሁ። ምን ላጥና?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለጊዜው አዲስ ነገር አያጥኑ። እርስዎ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እውቀት አይደለም፤ አንዱን ስህተት እየደጋገመ ራሱ አያየውም። ካፌ ውስጥ ስህተትዎን የሚቀጣ ስለሌለ ስህተት መሆኑም አይታወቅ። የአምስት ደቂቃ ጨዋታ ደግሞ ያለዎትን ልማድ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ ያጠነክራል እንጂ አያርምም።

ለአንድ ወር የአምስት ደቂቃውን ይተዉት። በሳምንት አምስት ጨዋታ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ተጨማሪ። እርምጃውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጻፉ። ጨዋታው እንዳለቀ ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ ሦስት ቦታ ያስምሩ፦ ብዙ የቆዩበትን፣ ተጋጣሚዎ ያስደነገጠዎትን፣ ነገሩ የተገለበጠ የመሰለዎትን። አጠገቡ ያሰቡትን በቃላት ይጻፉ፤ «ፈረሱን ልበላ ስል ቼኩን አላየሁም» ዓይነት (ቼክ ንጉሥን በቀጥታ የሚያጠቃ እርምጃ ነው)። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመው ከከፈቱት ትክክለኛውን እርምጃ ይነግርዎታል፣ እርስዎም «አዎ፣ ልክ ነው» ብለው ያልፋሉ፤ በሽታው ያለበት ሐሳብዎ ግን ሳይመረመር ይረሳል።

ቀጥሎ በየተሸነፉበት ጨዋታ የመጀመሪያውን ትልቅ ስህተት በፊደል ይመድቡ። ሀ ጠባቂ የሌለው ጠጠር ማስበላት፣ ለ የተጋጣሚን መልስ አለማየት፣ ሐ ያለ ዕቅድ መንቀሳቀስ፣ መ ሰዓት ማለቅ፣ ሠ መዝጊያውን (ጥቂት ጠጠር ብቻ ሲቀር ያለውን የጨዋታ ክፍል) አለማወቅ። ሃያ ጨዋታ ሲሞላ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ደብተሩን ወርሶት ያገኙታል። የሚቀጥለው ወር ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ሀ እና ለ ከበዙ፣ ጠጠር ከመንካትዎ በፊት «ይህን ብሄድ እሱ ምን ቼክ አለው? ምን ይበላል? ምን ያሰጋኛል?» ብለው ይጠይቁ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ ቼክ ሌላ ሥራ አስትቶ መልስ ያስገድዳልና። አብዛኛው ሰው ይህን የሚጠይቀው ስለ ራሱ ጥቃት ብቻ ነው። እንቆቅልሽም ይሥሩ፣ ግን በየቀኑ አዲስ አያሳድዱ፦ ሁለት መቶ ይምረጡ፣ የሳቱትን ምልክት ያድርጉበት፣ በየሳምንቱ እየተመለሱ ሁሉም ባንድ እይታ እስኪፈታ ይደጋግሙ። እንቆቅልሽ አንድ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ይነግርዎታል፤ ጨዋታ ግን አይነግርም። ስለዚህ ከራስዎ ደብተር የሳቱባቸውን አቀማመጦችም ይቀላቅሉበት። ለሐ አጭሩ መድኃኒት፣ ዕቅድ ሲጠፋ ሥራ ፈቶ የቆመውን ጠጠር ወደ ሥራ ማስገባት ነው። ለመ ደግሞ በሃያኛው እርምጃ ላይ ወደ ስምንት ደቂቃ ያህል ይቀርዎት።

ከደብዳቤዎ እንደምንገምተው ግን የእርስዎ ፊደል ሠ ነው፤ ስለዚህ በሩክ (በማዕዘን በሚቆመው ግንብ) መዝጊያ ይጀምሩ። ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ከነጭ ወገን የሚቆጠረውን ረድፍ ያመለክታል። ይህን ይደርድሩ፦ ነጭ ንጉሥ ጂ8፣ ወታደር ጂ7፣ ሩክ ኤፍ1፤ ጥቁር ንጉሥ ኢ7፣ ሩክ ኤች2። ተራው የነጭ ነው። ንጉሡ ከወታደሩ ፊት ታግቷል። ተቻኩለው በኢ1 ቼክ ብለው ንጉሡን ቢያወጡት የጥቁር ሩክ ከኋላ ያለ ማቋረጥ ቼክ ይልዎታል፣ መጠለያም የለዎትም። መጀመሪያ ሩኩን ኤፍ4 ያድርጉት። ጥቁር ኤች1 ይጠብቃል። ሩክ ኢ4 ቼክ፣ የጥቁር ንጉሥ ዲ7፤ አሁን ንጉሥዎ በኤፍ7 ይውጣ። ቼኩ ሲከታተል በጂ6፣ በኤፍ6፣ በጂ5 ይውረዱ። የጥቁር ሩክ ከጂ1 ቼክ ሲል ሩክዎ ከኢ4 ወደ ጂ4 ገብቶ ይጋርዳል፤ ወታደሩም ስምንተኛው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ይሆናል። ሩኩ አራተኛው ረድፍ ላይ አስቀድሞ የወጣው ለዚህች ግርዶሽ ነው።

በሌላ አቀማመጥ ጥቁሩን ይዘው የነጭን ወታደር ለመከላከል ደግሞ ንጉሥዎ ከወታደሩ ፊት ይቁም፣ ሩክዎ የነጭ ንጉሥ እንዳይሻገር ስድስተኛው ረድፍ ላይ ይጠብቅ። ወታደሩ ራሱ ስድስተኛው ላይ ሲረግጥ ሩኩ ወደ አንደኛው ረድፍ ወርዶ ከኋላ ቼክ ይበል፤ የነጭ ንጉሥ ያኔ መሸሸጊያ አጥቶ ጨዋታው እኩል ይወጣል። ሁለቱንም ከባልንጀራዎ ጋር ወገን እየተቀያየሩ አሥር አሥር ጊዜ ይጫወቱት። አንብቦ ማወቅና ሁለት ደቂቃ ሲቀር መሥራት ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ የቼዝ ሰዓት የለንም። ያለ ሰዓት ብንለማመድ ምን ይጎዳል?
ከደብረ ሲና

መልስ፦ ከላይ መ ያልነው በሽታ፣ ሰዓት ማለቅ፣ አይታይላችሁም። ሁለት ሰዓት ቆጣሪ ያለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩን አስተኝታችሁ በሰሌዳው ጎን አስቀምጡት፣ ጠጠሩን ባንቀሳቀሳችሁበት እጅ ንኩት። ጥሪ እንዳያቋርጠው የበረራ ሁነታ ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ አባቴ ያስተማሩኝን የጥንቱን ሰንጠረዥ (የአገራችንን የቀድሞ ቼዝ) አሁንም ከእሳቸው ጋር እጫወታለሁ። ቼዜን ያበላሽብኝ ይሆን?
ከአንኮበር

መልስ፦ አያበላሽም፣ እንዲያውም አባትዎን አይተዉዋቸው። ሰንጠረዥ በወረራ ይጀምራል፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ዓይን ከራስ ሰልፍ ይልቅ የባላንጣውን መከታተል ይለምዳል፤ ከላይ ለ ያልነውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሚያደናግረው የጠጠሮቹ አካሄድ ነው። በቢሾፕ ቦታ የሚቆመው ፊል ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘላል፣ በንግሥት ቦታ የሚቆመው ፈርዝም እንደ ንግሥት ሰሌዳውን አያቋርጥም፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። ውድድር ባለበት ሳምንት ሰንጠረዡን ያቆዩት። እጅዎ ለምዶ ቢሾፑን እንደ ፊል ቢያዘልሉት እርምጃው ተመልሶ ያንኑ ቢሾፕ በሕጉ መሠረት የማንቀሳቀስ ግዴታ ይመጣብዎታል፤ የሚሄድበት ቤት ሁሉ የሚያስበላው ቢሆንም እንኳ።