ለፊልም ትምህርት ቤት ለምታመለክቱ

ውድ ልጆቼ፣

የማመልከቻ ጊዜ ሲደርስ «ጋሼ፣ ካሜራ የለኝም፤ ምን ልላክ?» ትሉኛላችሁ። ስልክ አላችሁ? ይበቃል። የፊልም ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ገና አሜሪካ ውስጥ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ተማሪ ሳሉ አገር ቤት መጥተው የገበሬውን ኑሮ የቀረጹት በጥቁርና ነጭ፣ ባለ 16 ሚሊሜትር ፊልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ያ ሥራ ዛሬም ይታያል። መራጮቹ የሚፈልጉት የእናንተን ዓይን ነው።

ሊስትሮን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? አንዱን ጫማ ሲጨርስ በብሩሹ ሳጥኑን ኳ ኳ ያደርጋል። ደንበኛው ከስልኩ ቀና ሳይል እግሩን ይቀይራል። አንድ ቃል አልወጣም፤ ሁለቱ ግን ተግባብተዋል። ይህን ቅረጹት። መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ የደንበኛውን ፊት፣ ከዚያ እግሩን። ኳኳታው ከምስሉ ቀድሞ ይሰማ። ልጁን ግን አስፈቅዱት። ስሙን ጠይቁት፤ ካሜራ ሳታወጡ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ሦስት ደቂቃ የማትሞላ እንዲህ ያለች ሥራ በድሮን ከተነሳ የከተማ ምስል ትበልጥብኛለች።

በኤዲቲንግ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ይሆናል፣ ድምፅ ላይ እጨክናለሁ። የአዲስ አበባ መንገድ ጩኸት ነው፤ የስልክ ማይክ ደግሞ ሁሉንም ይለቅማል። ቀረጻው ሲያልቅ ኳኳታውን ጠጋ ብላችሁ ለብቻው ቅዱት። የታዋቂ ዘፋኝ ሙዚቃ ከሥር አትጫኑ። ስሜቱን ዘፈኑ ከፈጠረው እናንተ ምን እንደምትችሉ በምን ይታወቃል?

የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ አላችሁ። የእንጀራ ሥራ ነው፣ እጅም ያፍታታል። ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም ለትምህርት ቤቱ የምትልኩት የሥራ ስብስብ ውስጥ ግን አታስገቡት።

የዓላማ መግለጫው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ» አትበሉ፤ የማይወድ አያመለክትም። ሊስትሮው ጋ ለምን እንደቆማችሁ ጻፉ። በቡድን የሠራችሁት ከሆነ ድርሻችሁን በግልጽ ተናገሩ፦ «ካሜራው የጓደኛዬ ነው፤ ኤዲት ያደረግሁት እኔ ነኝ።» ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ አስገቡ፤ የቋንቋውን ነገር አንድ የሚችል ሰው ይይላችሁ። አምስት ደቂቃ ከተባለ ደግሞ አምስት ነው።

ሊንኩን ሳትልኩ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። ፓስወርድ ጠይቆ ከቆመ ማንም አይለምናችሁም፣ ያልፋችኋል። መብራትና ኢንተርኔት እንዴት እንደሚያደርጉን ታውቃላችሁና ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው ጭናችሁ ጨርሱ።