ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሜትር አንሱ

ልጆቼ፣ ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም እየደወላችሁ የምትጠይቁኝ ነገር ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ሆኗል፤ «ኮይሎቨር ቤታችን ብንገጥም ችግር አለው?» የለውም። ሞላውና አሞርዛተሩ፣ ማለት የሞላውን ዝላይ የሚገታው ባለ ዘንግ ዕቃ፣ አንድ ላይ የተሰናዳ፣ ቁመቱ በጥርስ የሚስተካከል ዕቃ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለበትም። ረዳትና ትዕግሥት ያለው ሰው በግቢው ሊገጥመው ይችላል። ያለ ጋራዥ አይሆንም የሚላችሁን አትስሙ፤ እኔም ሙያውን የጀመርኩት ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና መንገድ ዳር ሲፈታ እያየሁ፣ ቁልፍ እያቀበልኩ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁላችሁም መኪናው ስንት እንደሚወርድ ትጠይቁኛላችሁ። ከወረደ በኋላ ሞላው የሚጫወትበት ስንት ቦታ እንደሚቀረው የጠየቀኝ ግን የለም።

ቶዮታ 86ን እንውሰድ። ይህ መኪና ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ከመሬት ያለው ከፍታ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በአንድ የፊት ጎማ በኩል ሞላው የሚሸከመው 300 ኪሎ ቢሆንና ሞላው አንድ ሚሊ ሜትር ለመታመቅ 6 ኪሎ የሚጠይቅ ቢሆን፣ መኪናው ሲያርፍበት 50 ሚሊ ሜትር ይታመቃል። የአሞርዛተሩ ዘንግ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ ቢሆን 7 ቀረው። ከዚያ ላይ ዘንጉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚያቆመው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ 3 ይወስዳል፤ 4 ቀረ። ለመልክ ብላችሁ የሞላውን መቀመጫ ቀለበት ሌላ 2 ሳንቲ ሜትር ብታወርዱት፣ በእጃችሁ ያለው 2 ብቻ ነው። በዚህ ከደጀን ተነሥታችሁ ዓባይ በረሃን ልትወርዱ ነው፤ መሬቱ እየተንሸራተተ፣ ከባድ መኪና እየጨፈለቀው አስፋልቱ የተጨማደደበትን መንገድ። አሞርዛተሩ ጎሚኒው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሞላ አለኝ ማለት አይቻልም። ይህ በመታጠፊያ መካከል ከሆነ ደግሞ ጎማው መሬቱን መያዝ ያቆማል፤ ገደሉ የትኛው ወገን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ቁመቱ በምን እንደሚስተካከል እዩ። በአንዱ ዓይነት የሚንቀሳቀሰው የሞላው መቀመጫ ብቻ ስለሆነ መኪናው በወረደ ቁጥር ከጉዞው ይበላል። በሌላው የአሞርዛተሩ የታች እግር ራሱ በጥርስ ይወጣል ይገባል፤ መኪናው ሲወርድ የዘንጉ ጉዞ አይነካም። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለእኛ መንገድ የምመርጠው ግን ይህንኑ ነው። በነገራችን ላይ ቀለበቱን ወደ ላይ ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚባለውን ተዉት። ጥምዝምዙ ወጥ የሆነ ሞላ ጥንካሬው ያው ነው፤ የሚለወጠው መኪናው የሚቆምበት ቁመት ነው።

ወደ ሥራው ስትገቡ፣ መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙትና ከእያንዳንዱ ጎማ መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ለኩ። አራቱንም ጻፉ። በቃል ይዤዋለሁ አትበሉ።

ብሎኬት ከመኪና ሥር እንዳታስገቡ! ውስጡ ባዶ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የባሕር ዛፍ ግንድም ይንከባለላል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ መደገፊያው ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት እግር ብረት ነው። የግቢያችሁ መሬት አፈር ከሆነ ከክሪኩም ከመደገፊያውም ሥር ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። የጎማ ዳዶዎችን መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉ፤ የማይነሡትን ጎማዎች በሽብልቅ ያዙ።

ከፊት በኩል ያለው አሠራር መሐንዲሱ ኧርል ማክፈርሰን የነደፈው ዓይነት ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በእንግሊዝ ፎርድ መኪኖች ላይ ታይቶ ዛሬ ዓለምን ሞልቷል። ከታች ሁለት ብሎኖች፣ ከኮፋኖው ሥር ሦስት ዳዶዎች። የታቹን ከመፍታታችሁ በፊት የአሞርዛተሩን አቀማመጥ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ትንሽ ክፍተት የጎማውን ዘመም ትለውጣለች። የፍሬኑን ቱቦና የኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን) ሽቦ ከማሰሪያቸው አላቁ። ብሎኖቹ ሲወጡ የጎማው ተሸካሚ ወደ ውጭ ይወድቃል፤ ቀድማችሁ በሽቦ ካላሰራችሁት ክብደቱ ሁሉ በፍሬን ቱቦው ላይ ይንጠለጠላል። ቱቦው በዚያኑ ቀን ላይበጠስ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ውስጡ ይቀራል።

በሦስቱ ዳዶዎች መካከል አንድ ትልቅ ዳዶ ታያላችሁ። እርሱን አትንኩት። በመቶዎች ኪሎ የታመቀውን ሞላ ቀፍድዶ የያዘው እርሱ ነው። አንዳንድ ኮይሎቨር የድሮውን የላይ መቀመጫ መልሳችሁ እንድትጠቀሙ ስለሚያስገድድ የድሮው ሞላ መፈታት አለበት። ያን ጊዜ ሙሉውን አውጡና ትክክለኛ የሞላ ማመቂያ ወዳለው ጋራዥ ይዛችሁ ሂዱ። የሚከፈለው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በሽቦና በገመድ አስራችሁ እንዳትሞክሩት።

የኋላው ለየት ይላል። በዚህ መኪና አሞርዛተሩ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዘው ክንድ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቀለበቱን አዙራችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ብታወርዱት ጎማው ጋ የሚታየው ለውጥ ከዚያ ይበልጣል። ፊትና ኋላ እኩል አዞርኩ ብሎ ኋላው ለምን ተቀመጠ የሚል ልጅ መልሱ ይኸው ነው።

ክንዶቹ የሚያያዙባቸውን ጎሚኒ ያለባቸው ብሎኖች ከፈታችሁ፣ መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። ጎሚኒው በተንጠለጠለበት ቦታ ከተያዘ መኪናው ሲወርድ ተጣሞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ክብደቱ ጎማው ላይ ሲያርፍ መመሪያው በሚያዘው ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። በክንድ ልምድ የሚመኩ ጓደኞቼ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ።

አውርዳችሁ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ለኩ። ግራና ቀኙ ከአምስት ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ አስተካክሉ፤ ነዳጁን ሞልታችሁ፣ የሾፌሩ ቦታ ላይ ሰው አስቀምጣችሁ ብትለኩ ደግሞ ይሻላል። ቁመት ሲለወጥ የመሪው ዘንጎች ማዕዘን አብሮ ስለሚለወጥ አላይመንት፣ ማለት የጎማዎቹን አቅጣጫ ማቃናት፣ ግዴታ ነው። እስከዚያ በሲባጎ ልታቃኑት ትችላላችሁ፤ ወደ አላይመንቱ ቤት ለመድረስ ያህል ነው። የፊት መብራቱንም አትርሱ፤ መኪናው ያጎነበሰ እንደሆነ መብራቱም ያጎነብሳል።

የአሞርዛተሩን ጥንካሬ ማስተካከያ ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ዝጉና ከዚያ እየቆጠራችሁ ክፈቱ፤ በአራቱም ቁጥሩን ጻፉ። ሲጠነክር ስፖርት መኪና ይመስላል ብላችሁ አትዝጉት። ከደምበጫ እስከ እንጅባራ በየከተማው ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለወገባችሁም ለኩሽኔታውም አይራራም። ለስላሳ ጀምሩ፤ መኪናው ከጉብታው በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ብቻ ጨምሩ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ የነካችሁትን ብሎን ሁሉ ደግማችሁ ፈትሹ።

የእኛ ክረምት ደግሞ ይህን ዕቃ አይወድም። ከደጀን ወደ ቢቸና የሚሄድ ሰው ጥቁሩን ጭቃ ያውቀዋል፤ የቀለበቶቹ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ቀለበቱ በመዶሻም አይላቀቅም። ሰኔ ሳይገባ በጥርስ ብሩሽ አጽዱና የዝገት መከላከያ ቀቡት። በመስከረም ድገሙት።

የድሮዎቹን አሞርዛተሮችና ሞላዎች አትሽጡ። ግራና ቀኙን ጽፋችሁ፣ ብሎኖቻቸውን በየከረጢቱ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መኪናውን ስትሸጡ ገዢው የፋብሪካው ሞላ የት አለ ይላችኋል።