«አውርዱልኝ» ወይስ «አስወግዱልኝ»?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ቴክ ኢት ዳውን አክት (ያለ ፈቃድ የተሠራጨ የእርቃን ምስል ከኢንተርኔት እንዲወገድ ስለሚያዘው የአሜሪካ ሕግ) በራሪ ወረቀት እያዘጋጀን ነው። «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተቀነባበረ የእርቃን ምስል ከተለቀቀ፣ ድርጅቱን ምስሉን አውርዱልኝ ይበሉ» ብለን ጽፈናል። አማርኛው ትክክል ነው?

መልስ፦ «አውርዱልኝ» የሚለው ሳይታተም ይውጣ። ስልክ ላይ «አውርድ» የሚለው ቁልፍ ፋይሉን ወደ ስልክ ያስገባል፤ ተጎጂዋ እንዲጠፋላት የምትለምነውን ምስል «ያዙት» ያሰኛታል። «አንሡልኝ»ም ብቻውን አይበቃም፣ «ፎቶ አንሡልኝ» የሚለው ይቀድማልና። «ከገጻችሁ አስወግዱልኝ» ወይም «ሰርዙልኝ» በሉ።

«ባለቤቱ»ን አንዱ ንብረት ያለውን ሰው፣ ሌላው ባልን ወይም ሚስትን አድርጎ ይረዳዋል፤ ምስሉን የለቀቀው ደግሞ የቀድሞ ባል ሊሆን ይችላል። በራሪ ወረቀት አንባቢውን ስለሚያነጋግር «ያለ ፈቃድዎ» ይበቃል፤ ሴትም ወንድም ያካትታል።

ትልቁ ነገር ግን «ያለ ፈቃድ» የትኛውን ግስ እንደሚይዝ ነው። እናንተ ጋ የያዘው «የተቀነባበረ»ን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 2025 የተፈረመው ይህ ሕግ የሚያየው ሥርጭቱን ነው፤ ለመነሣት የፈቀደ ሰው እንዲሠራጭ ፈቅዷል ማለት እንዳልሆነም በግልጽ ይደነግጋል። በእናንተ አጻጻፍ ፎቶውን ወድዳ የተነሣች ሴት «እኔን አይመለከትም» ብላ ትተወዋለች። ስለዚህ «ያለ ፈቃድዎ የተሠራጨ፣ እውነተኛም ሆነ በኮምፒዩተር የተሠራ ሐሰተኛ የእርቃን ምስል» ይባል። «የተቀነባበረ»ን ሙዚቃውም ፕሮግራሙም ስለሚጋሩት «ሐሰተኛ» ይሻላል፤ በአፍ ስታስረዱ «ፎርጅድ» ብትሉ ሁሉም ይገባዋል። «የበቀል ምስል» አትበሉ፣ በቀል መኖሩን ማሳየት አያስፈልግምና።

ምስሉ የወጣበትን ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ የሚያስተዳድረው ድርጅት የተሟላ ጥያቄ ከደረሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ምስሉን ማስወገድ አለበት። የተሟላ የሚባለው ፊርማ (በኤሌክትሮኒክም ይሆናል)፣ ምስሉን ለማግኘት የሚበቃ መረጃ (ለምሳሌ ሊንክ)፣ ያለ ፈቃድ መሠራጨቱን በቅን ልቦና የሚገልጽ አጭር ቃልና የመገናኛ አድራሻ ሲኖረው ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ልማዳችን ይጎዳናል፤ «ስሜን አጠፉብኝ» ብለን እንጀምራለን። ስም ማጥፋት ሌላ አቤቱታ ነው፤ ጥያቄውን የሚያነበው የድርጅቱ ክፍል ወደዚያ ይመራውና ሰዓቱ ያልፋል። ኀፍረት ይዞን «መጥፎ ነገር ለቀቁብኝ» ማለትም ምስሉ ምን እንደሆነ አይነግርም። ናሙና ብትጨምሩ እንዲህ ይሁን፦

«በዚህ ሊንክ ያለው የእርቃን ምስል ላይ የሚታየው ፊት የእኔ ነው፤ ገላው የእኔ አይደለም፣ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። እንዲሠራጭ አልፈቀድሁም። እሱንም ቅጂዎቹንም ከገጻችሁ አስወግዱልኝ።»

ምስሉ እውነተኛ ከሆነ «ገላው የእኔ አይደለም፣ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው» የሚለው ይውጣ፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። የሚታወቁ ተመሳሳይ ቅጂዎችን ለይቶ ለማስወገድ ድርጅቱ ተገቢ ጥረት የማድረግ ግዴታ ስላለበት የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አትቁረጡት።