ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ድምፁ መቼ መቼ እንደሚመጣ ለይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። በዚህ ሳምንት ሞተሩን ልታስወርድ መሆኑን ስለጻፍክ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ ወደድኩ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጉዳዩን ባጭሩ ልድገመው። መኪናህ እ.ኤ.አ. የ2003 ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ ሞተሩ 2ኤንዜድ የሚባለው ባለ 1.3 ሊትር፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። ጠዋት ስታስነሳው ለሁለት ሦስት ሰከንድ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ይልና ጸጥ ይላል። ባለፈው ደግሞ ወደ አዋሽ ወርደህ ስትመለስ፣ ከመተሐራ ወደ አዳማ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጥ «ትርርር» የሚል ሌላ ድምፅ ሰማህ። አንዱ መካኒክ ሰንሰለቱ ነው አለህ። ሌላው ብሮንዚኑ (ክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት ስስ ተሸካሚ) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ አለህ። የማንን ልመን ነው ጥያቄህ።

ለጊዜው የማንንም አትመን። ሁለቱም ምንም ሳይለኩ በጆሮ ብቻ ነው የፈረዱት። ደግሞም አንተ የጻፍከው ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ነው፤ እነሱ ግን አንድ በሽታ አድርገውት ለአንዱ ብቻ መድኃኒት አዘዙ።

በጋራዥ ሥራ ከቆየሁበት ጊዜ ጀምሮ አጥብቄ የምይዘው ነገር ቢኖር የድምፁ ዓይነት ብቻውን እንደሚያታልል ነው። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከላላ ቫልቭ ሊመጣ ይችላል፤ ከተቃጠለ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ሊመጣ ይችላል፤ ጤነኛ ኢንጄክተር በራሱ ሲከፍትና ሲዘጋም እንዲሁ ይላል። እነዚህን የሚለያቸው ድምፁ የሚመጣበትና የሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ቆመህ ነዳጅ ስትሰጠው ይመጣል ወይስ ጭነት ሲሰማው ብቻ? ከሞተሩ ዙር ጋር ይፈጥናል ወይስ ከጎማው ጋር? መካኒክህ እነዚህን ሳይጠይቅህ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ አዳምጦ ከፈረደ ሌላ ሰው ፈልግ።

የጠዋቱን ድምፅ እናስቀድም። ሞተርህ ሰንሰለት ነው ያለው፤ እንደ ድሮዎቹ ኮሮላዎች በየጊዜው የሚቀየር የጎማ ቺንጊያ የለውም። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ክፍል የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሲነሳ ግፊቱ እስኪመለስ ድረስ ሰንሰለቱ ላላ ብሎ ሽፋኑን ይመታል። በመቀበያው ካምሻፍት (አየር የሚያስገቡትን ቫልቮች በሚከፍተው ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለው፣ የቫልቮቹን መክፈቻ ሰዓት የሚያስተካክለው የቪቪቲ-አይ ጥርስም መቆለፊያው ከተበላ ዘይት እስኪደርሰው ድረስ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ የመጀመሪያው መካኒክ ወደ እውነቱ ሳይቀርብ አልቀረም፤ ግን ሰንሰለቱን ከመክሰስ በፊት ዘይቱ ለምን እንደዘገየ መጠየቅ ነበረበት።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘይት ፊልትሮው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በደህና ፊልትሮ ውስጥ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ የጎማ ክዳን አለ። በርካሽ በሚሸጡት ፊልትሮዎች ውስጥ ይህ ጎማ ደረቅ ነው ወይም ጨርሶ አይገጥምም፤ ዘይቱ ሌሊቱን ሙሉ ያፈሳል። ሳጥኑ ላይ የታወቀ ስም ስለተጻፈ አትታለል፤ ሶማሌ ተራ ስትገዛ ፊልትሮውን ገልብጠህ ጎማውን በጣትህ ተጫነው፣ ለስላሳና ተመላሽ መሆን አለበት። ከዚያ ዘይቱን እይ። መኪናው ሜዳ ቦታ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ ይሙላው፣ ከዚያ ዲፕስቲኩን ጠርገህ መልሰህ ከተህ አውጣ። ይህ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.7 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ሲጎድልበት ከሩብ በላይ ዘይቱን አጣ ማለት ነው። የሚመከርለት 5ደብልዩ-30 ነው፤ በብርድ ጠዋት ወፍራም ዘይት ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ የሰማኸውን ድምፅም ያረዝመዋል።

ትክክለኛ ዘይትና ፊልትሮ ከገባለት በኋላ ድምፁ ከጠፋ ጉዳዩ ተዘጋ። ካልጠፋና ሦስት ሰከንዱ እየረዘመ ከሄደ ሰንሰለቱና መወጠሪያው መታየት አለባቸው። ይህ ሥራ የፊት ሽፋኑን መክፈት ይጠይቃል እንጂ ክራንክ ሻፍት ድረስ መውረድ አይደለም። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ አደራ፣ ይህን ለይተህ ተነጋገር።

የአዋሹ ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲናወጥ የሚሰማው ዓይነት መሆኑን ራስህም ጽፈሃል። በእኔ ግምት ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እየፈነዳ ነው። ለምን አዲስ አበባ ሳይሰማ እዚያ ተሰማ? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያነሰ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃም ቀላል ይሆናል። ወደ አዋሽ ስትወርድ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትደርሳለህ፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የሞተርህ እመቃ 10.5 ለ 1 ነው፤ ሲሊንደሩ የሳበውን አሥር እጥፍ ተኩል ያምቀዋል ማለት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ድክመት እዚያ ይገለጣል።

ለማረጋገጥ ዳገት ላይ ድምፁ ሲመጣ እግርህን ትንሽ አንሳ ወይም ማርሹን ዝቅ አድርገው። ወዲያው ከጠፋ፣ ቆመህ ያለ ጭነት ነዳጅ ስትሰጠውም ፈጽሞ ካልመጣ፣ ብሮንዚን አይደለም። መንስኤውን ራዲያተሩ ከመዘጋቱ፣ ማራገቢያው በሰዓቱ ከመነሳቱ፣ ካንዴላዎቹ (የእሳት መፈንጠቂያዎቹ) ለሞተሩ የታዘዙት ከመሆናቸው ጀምረህ ፈልግ። ከአየር ማጣሪያው በኋላ የሚገባ ያልተለካ አየር ካለም እንዲሁ ያደርጋል። ሞተሩ ፍንዳታውን ሰምቶ የእሳቱን ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስበት ሴንሰር አለው፤ በኮምፒውተር ሲመረመር እሱም ይታያል። ይህን ድምፅ ግን «ብሮንዚን ካልሆነ ግድ የለም» ብለህ አትለፈው። ለወራት ከተተወ ፒስተን ይበሳል፣ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብራል፣ ብሮንዚኑንም ራሱን ይቀጠቅጠዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ እንምጣ። ብሮንዚን በእውነት ሲያልቅ ጠዋት ለሦስት ሰከንድ ጮኾ ዝም የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ስለዚህ ድምፁ እየባሰ ነው የሚሄደው። ከታች የሚመጣ፣ ወፍራም «ኳ ኳ ኳ» ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቀህ፣ ቆመህ፣ ዙሩን በደቂቃ ወደ 2,000 ወይም 2,500 አድርሰህ ያዝ፤ ከዚያ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ግፊቱ ከፒስተኑ ላይ ሲነሳ በዚያች ቅጽበት ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ይንኳኳል። በቀዝቃዛ ብቻ ባዶ ድምፅ አሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲወዛወዝ ነው፤ እሱ ይዞህ ዓመታት ሊሄድ ይችላል። ከላይ ከቴስታታ (ከሞተሩ ራስጌ) የሚመጣ ድምፅ ደግሞ ካምሻፍቱ በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ዘገም ይላል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ሲዞር)፣ በደቂቃ 700 ዙር ላይ ታች ያለው በሰከንድ ወደ 12 ጊዜ ሲመታ ላይ ያለው 6 ጊዜ ያህል ነው፤ ጆሮ ሲለምድ ይለየዋል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ኢንጄክተር ሶኬት ተራ በተራ ንቀል። የአንዱ ሲነቀል ድምፁ ከቀነሰ ችግሩ ያ ሲሊንደር ጋ ነው። ቦቢናውን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን) ነቅለው የሚሞክሩ አሉ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማጣሪያው ስለሚሄድና ስለሚያበላሸው አልወደውም። ከዚያ በኋላ የዘይት ግፊት ሴንሰሩን አውጥቶ በቦታው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ማሰር ነው። በሞቀ ሞተር ላይ፣ በ3,000 ዙር ከ1.5 እስከ 5.5 ባር መሆን አለበት፤ በሚኒሞ ከ0.3 ባር በታች መውረድ የለበትም። ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አትመካባት፤ እሷ የምትበራው ግፊቱ ሊጠፋ ሲቃረብ ነው። ጌጅ ማሰር ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ይህን ሳያደርግ ሞተር ይውረድ የሚል ባለሙያ እንዴት እንደሚደፍር አይገባኝም።

አሮጌውን ፊልትሮም አትጣለው። ቆርቆሮውን በመጋዝ ቁረጠው፣ ወረቀቱን ዘርጋና ፀሐይ ላይ እየው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት አስጠጋ። የሚሳበው ብረት ነው። የማይሳበው፣ በተለይ መዳብ የሚመስለው፣ ከብሮንዚን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለተኛው መካኒክ ትክክል ነው ማለት ነው።

ካምቢዮህ አውቶማቲክ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። አንድ ደንበኛ ሚኒሞ ላይ «ኳ ኳ» የሚል መኪና ይዞ መጣ። ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ ሞተሩ ወርዶ፣ ክራንክ ሻፍቱ ቶርኖ ቤት ተላጭቶ፣ ብሮንዚን ተቀይሮ ነበር። ድምፁ ግን ያው ነበር። ጥፋቱ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የብረት ሰሌዳ በብሎኖቹ ዙሪያ መሰንጠቁ ነበር። ፍሬን ይዘህ ማርሹን ከኤን ወደ ዲ ስታዞር ድምፁ ከተለወጠ መጀመሪያ እሱን ነው መጠርጠር ያለብህ፤ ከታች ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ በባትሪ መብራት ማየት ይበቃል። ያ ሰው ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ላልታመመ ሞተር ከፍሏል። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሲያፏጭ ቺንጊያው ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርግበት፤ ፉጨቱ ለአፍታ ከተለወጠ ቺንጊያው ወይም ውጥረቱ ነው። የማያቋርጥ የማጉረምረም ድምፅ ከዲናሞ ወይም ከውኃ ፓምፕ ኩሽኔታ ይመጣል፤ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ በእያንዳንዱ ላይ እያሳረፍክ እጀታውን ከጆሮህ ፊት ካለው አጥንት ጋር ስታገናኝ የትኛው እንደሆነ ይነግርሃል። በቀዝቃዛ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ «ጭስ ጭስ» ያለበት ምት ካለ የጭስ ማውጫውን መጋጠሚያ እይ፤ ጥቁር የጥላሸት ምልክት ይተዋል። ማርሚታው ላይ የላላ ቆርቆሮም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ይህን ሁሉ ስታደርግ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌ አይኑር። የራዲያተሩ ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።

ናፍጣ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በድሮዎቹ የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ላይ የኢንጄክተሩን ቱቦ ብሎን ተራ በተራ በማላላት የሚመታውን ሲሊንደር መለየት የታወቀ ዘዴ ነው። በኋለኞቹ 1ኬዲ እና 2ኬዲ ሞተሮች ላይ ግን ፈጽሞ እንዳታደርጉት፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ድምፅ ለማፈን ወፍራም ዘይት ጨምርበት የሚልህ ሰው ይኖራል። እንቢ በል። ይህ የሚሸጥ መኪና ጩኸት ለመሸፈን የሚደረግ ነው፤ ገዢውን በጠራራ ፀሐይ መዝረፍ ነው። መኪና ለመግዛት የምትሄዱ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ተነጋግራችሁ ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር ራሳችሁ አስነሱት፤ ከዚያ በደንብ እስኪሞቅ ነድታችሁ እንደገና አዳምጡት።

አንተ የሞተር ማውረዱን ቀጠሮ ለጊዜው ሰርዝና ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር፣ አሮጌውን ቁረጥ፣ ጌጅ አሳስር። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ጀምረህ ኮፈኑ ተከፍቶ ድምፁን ቅረጽና ከግፊቱ ቁጥር ጋር እዚህ አስቀምጥልን። ግፊቱ ደህና ሆኖ ፊልትሮው ውስጥ ብናኝ ከሌለ ፊትህን ወደ ማቀዝቀዣውና ወደ ካንዴላዎቹ አዙር። በሞቀ ሞተር ላይ ግፊቱ ካነሰ ግን አንድ ሰፈር እንኳ እንዳትነዳው፤ ዘይት መሳቢያው መዘጋቱና የዘይት ፓምፑ መድከሙ ይታይ፣ መኪናው በጎታች ይሂድ፣ ክራንክ ሻፍቱ ሳይቧጨር ከተደረሰለት ብሮንዚን ብቻ በመቀየር ሊተርፍ ይችላል።